የግድብ ሐይቅን ከልጆች ጋር በእግር ለመዞር

በግድብ የታቆረ ውሃ ዳር የሚደረግ የእግር ጉዞ ለቤተሰብ የሚመረጠው ሜዳ ስለሚመስል ነው። ተራራ አይወጣበትም፣ ውሃው ከዓይን ስለማይጠፋ መንገድ የሚጠፋበት አይመስልም፣ መነሻውና መድረሻውም አንድ ነው። ችግሩ የሚመጣው ከዚሁ ነው። ማዶ ያለው ዳርቻ አፍንጫ ሥር ያለ ይመስላል፤ በእግር ሲሄዱበት ግን ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ሐይቅ ደግሞ አቋራጭ የለውም፤ ግማሹን ከዞሩ በኋላ ወደፊት መቀጠልም ወደኋላ መመለስም እኩል ነው። ስለዚህ ዝግጅቱ ሁሉ ዓይን በሚያየው ሳይሆን በተለካ ርቀትና በተቆረጠ ሰዓት ላይ መቆም አለበት።

ዙሪያው ስንት ነው?

የግድብ ሐይቅ በውሃ የተዋጠ ሸለቆ ነው። ወንዙ ሲገደብ ውሃው ዋናውን ሸለቆ ብቻ ሳይሆን ገባር ጅረቶች የሚመጡባቸውን ትንንሽ ሸለቆዎች ሁሉ ሞልቶ ስለሚገባ ዳርቻው እንደ እጅ ጣቶች ይከፋፈላል። በእግር የሚዞር ሰው እያንዳንዱን ሰርጥ እስከ ጫፉ ገብቶ በሌላኛው ወገን መውጣት ግዴታው ነው። ስሌቱ እንዲህ ይሆናል፦ ርዝመቱ 3 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱ 600 ሜትር የሆነ ሐይቅ በግምት ዙሪያው 7.2 ኪሎ ሜትር ነው። አራት ሰርጦች እያንዳንዳቸው 400 ሜትር ወደ ውስጥ ከገቡ ግን ለእያንዳንዱ መግቢያና መውጫ 800 ሜትር ይጨመራል፤ ዙሪያው 10.4 ኪሎ ሜትር ሆነ ማለት ነው። ለአምስት ዓመት ልጅ ይህ ልዩነት ደስ ብሎት በመመለስና ታዝሎ በመመለስ መካከል ያለ ልዩነት ነው።

ርቀቱን በስልክ ካርታ ላይ ባለው መለኪያ ለኩ። መስመሩን በውሃው ጠርዝ ሳይሆን በእግር መንገዱ ላይ አስኪዱት፤ በየ50 ሜትሩ ነጥብ ካልጣላችሁ ጠመዝማዛው ተዘሎ ርቀቱ ያጥራል። ከዚያም 10 በመቶ ጨምሩበት። የከፍታ መስመሮችንም (በካርታ ላይ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙትን) ተመልከቱ። መስመሮቹ ተጠጋግተው እስከ ውሃው ከወረዱ እዚያ ገደል አለ፤ መንገዱም ዳሩን ትቶ ሽቅብ ወጥቶ ይወርዳል። ሜዳ የተባለው መንገድ 20 እና 30 ሜትር እየወጣና እየወረደ ሲደመር ቀላል የማይባል አቀበት ይወጣዋል።

ሰዓቱን ለማስላት ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ኔይስሚዝ በ1892 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያስቀመጠው ቀመር ዛሬም ይሠራል፦ ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት፣ በተጨማሪም ለእያንዳንዱ 600 ሜትር አቀበት 1 ሰዓት። ከላይ ያለው ሐይቅ በድምሩ 150 ሜትር አቀበት ቢኖረው ለጠንካራ አዋቂ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይሆናል። ነገር ግን ቀመሩ የተሠራው ለጎልማሳ እግር ነው፣ ዕረፍትም አልተቆጠረበትም። ትንንሽ ልጆች ካሉ ፍጥነቱን በሰዓት 2.5 ኪሎ ሜትር አድርጉት፣ የአቀበቱንም ጊዜ እጥፍ ያዙ፤ 4 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይመጣል። ለመክሰስና ለዕረፍት 1 ሰዓት ከሩብ ጨምሩ። ስድስት ሰዓት ሞላ። ብዙ ቤተሰብ ሐይቁን አይቶ “ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው” ብሎ የሚነሳው ይህንን መንገድ ነው።

ልጅ ሳይነጫነጭ የሚሄደው ርቀት ከልጅ ልጅ ይለያያል፤ ለመነሻ የሚሆን ግምት ግን አለ። ከ3 እስከ 4 ዓመት ለሆነው ከ1.5 እስከ 3 ኪሎ ሜትር፣ ከ5 እስከ 7 ዓመት ለሆነው ከ3 እስከ 6፣ ከ8 እስከ 10 ዓመት ለሆነው ከ6 እስከ 10። ከዚህ በላይ የሚሄድ ልጅ ሞልቷል፤ እቅድ የሚወጣው ግን በአቅሙ ጫፍ ላይ አይደለም፤ በቡድኑ ውስጥ በትንሹ ልጅ ልክ እንጂ።

ዙሩን ሁሉ ወይስ ደርሶ መልስ?

ለመጀመሪያ ጊዜ በምትሄዱበት ሐይቅ ደርሶ መልስ ይሻላል። በደርሶ መልስ ጉዞ ልጁ በደከመበት ደቂቃ መመለስ ይቻላል፤ የመመለሻው መንገድም የታወቀ ነው። ዙሩን ለመጨረስ ከቆረጣችሁ ግን ከመነሳታችሁ በፊት በካርታው ላይ ሁለት ነገሮችን ምልክት አድርጉ። አንደኛው የመኪና መንገድ ከዳርቻው ጋር የሚገናኝባቸው ቦታዎች ናቸው፤ እግሩ የተጎዳ ልጅ የሚወጣው በእነዚህ ነው። ሁለተኛው የመወሰኛ ቦታ ነው፤ እሱም ግማሽ ላይ ሳይሆን የዙሩ አንድ ሦስተኛ ላይ ይሁን። እዚያ ስትደርሱ ሰዓቱን እዩ። ከታቀደው ጊዜ ከአንድ አራተኛ በላይ ዘግይታችሁ ከሆነ፣ ወይም ከልጆቹ አንዱ ቀድሞ ዝም ካለ፣ ተመለሱ። ግማሽ ላይ ደርሶ ለመወሰን መሞከር ዋጋ የለውም፤ ያኔ የሚወሰን ነገር አይኖርም።

በየት በኩል ይዞራል? አስቸጋሪው ክፍል፣ ማለትም አቀበት ያለበት፣ ጅረት የሚሻገሩበት ወይም መንገዱ የጠበበበት፣ በመጀመሪያው አጋማሽ እንዲመጣ አድርጉ። ብዙውን ጊዜ ይህ ክፍል ወንዙ ወደ ሐይቁ የሚገባበት ጫፍ አካባቢ ነው፤ ግድቡ ያለበት ጫፍ ደግሞ መንገድ የተሠራለት ስለሆነ ለመጨረሻው ይተው። ጥላ የሌለውን ዳርቻ በጠዋት፣ ዛፍ ያለበትን በቀትር ማለፍ ከተቻለ ደግሞ እሰየው። ሁለቱ ሕጎች ከተጋጩ የመጀመሪያውን ምረጡ፤ ፀሐይን ባርኔጣ ይመልሳታል፣ የደከመ ልጅን ግን አስቸጋሪ መሻገሪያ ላይ የሚያግዘው ነገር የለም።

መመለሻ ሰዓቱ ጀምበር ከመጥለቋ ቢያንስ 2 ሰዓት በፊት መነሻው ላይ የሚያደርስ ይሁን። ማን እንደሄደ፣ በየት በኩል እንደሚዞርና በስንት ሰዓት ካልደወለ ፍለጋ እንደሚጀመር ቤት ለቀረ ሰው በጽሑፍ ተዉለት።

የውሃው ከፍታ መንገዱን ይለውጣል

የተፈጥሮ ሐይቅን የለመደ ሰው የግድብ ሐይቅ ዳር ሲሄድ የሚስተው ይህንን ነው። የተፈጥሮ ሐይቅ ከፍታው በአብዛኛው ቀስ ብሎ ይለዋወጣል። የግድብ ውሃ ግን ለመብራት፣ ለመስኖ ወይም ለመጠጥ ስለሚለቀቅ በአንድ ዓመት ውስጥ በብዙ ሜትር ሊወርድና መልሶ ሊሞላ ይችላል። በካርታ ላይ ያለው መንገድ የተሣለው በአንደኛው ከፍታ ነው፤ እናንተ የምትደርሱት በሌላው።

ውሃው ሲሞላ ዳር ለዳር የነበረው መንገድ ይሰምጣል፤ ሰው ቁጥቋጦ እየጣሰ ሽቅብ ለመዞር ይገደዳል። በሳተላይት ምስል ላይ የሚታየው ሰፊ ቡናማ ዳርቻ ምስሉ የተነሳው ውሃው በጎደለበት ወቅት መሆኑን ይናገራል፤ የምስሉን ቀን ተመልከቱ። ከሁሉ የሚሻለው ግን የግድቡን ጠባቂዎች ወይም ዓሣ አጥማጆችን “አሁን ዙሩ ክፍት ነው?” ብሎ መጠየቅ ነው።

ውሃው ሲጎድል ደግሞ ጭቃው ይመጣል። ውሃው የሸሸበት ደለል ከላይ ደርቆና ተሰነጣጥቆ ጠንካራ መሬት ይመስላል፤ ከቅርፊቱ ሥር ግን ለስላሳ ነው። በተለይ ጅረት በሚገባበት ጫፍ ወንዙ ያመጣው ደቃቅ አፈር ስለሚከማች ደለሉ ጥልቅ ይሆናል። ክብደቱ ቀላል የሆነው ልጅ በቅርፊቱ ላይ አልፎ ተከትሎት የሄደው አዋቂ ሊሰምጥ ይችላል፤ ልጁ ስላለፈ መሬቱ ይችላል ማለት አይደለም። ሕጉ አጭር ነው፦ ሣርና ቁጥቋጦ ከበቀለበት መስመር ወደ ውሃው አትውረዱ።

እግሩ የተያዘ ሰው ወደኋላ ይቀመጥ ወይም ይንጋለል፤ ክብደቱ በሰፊ ቦታ ሲከፋፈል መስመጡ ይቆማል። ቦርሳውን አውልቆ ከሥሩ ያንጥፍ። ከዚያም የተያዘውን እግር በትንሹ ወዲያና ወዲህ እያንቀሳቀሰ በጫማው ዙሪያ ውሃና አየር እንዲገባ ያድርግ፣ ቀስ ብሎም ይሳበው። በኃይል መጎተት እግርን ይጎዳል፣ የሚጎትተውንም ያሰምጣል። ረዳቱ ከጠንካራው መሬት ላይ ሆኖ ረጅም እንጨት ወይም ልብስ ያቀብል።

የዳርቻው ጥልቀትም አያስተማምንም። ጉልበት የሚደርስ ውሃ ውስጥ ሁለት እርምጃ ሄዶ ድንገት የቀድሞው የወንዝ ዳር ገደል ላይ መውደቅ አለ። ከሥር የተቆረጡ ጉቶዎች፣ የቀድሞ አጥሮችና ግድግዳዎች ሊኖሩ ይችላሉ።

ግድቡ አጠገብ

የግድቡ አናት ሰፊና ቀጥ ያለ ስለሆነ የልጅ ጋሪ እንኳ የሚገፋበት ጥሩ መንገድ ነው፤ በአንዳንድ ቦታ ግን ለሕዝብ ዝግ ነው። ዙሩ በግድቡ አናት ላይ ካልተፈቀደ መንገዱ ከግድቡ ሥር ይዞራል፤ ይህም ቁልቁልና አቀበት ይጨምራል። ስለዚህ ይህን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ግድቡን የሸፈነው የድንጋይ ንጣፍ ልጆችን ይጠራል፤ የሚወጡበት፣ የሚዘሉበት ይመስላቸዋል። ድንጋዮቹ ከውሃው መስመር አጠገብ በአልጌ የሚያንሸራትቱ ናቸው፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተትም ቁርጭምጭሚት ይይዛል። ሲሚንቶ የተለበጠ ተዳፋት ከዚያ ይብሳል፤ ተንሸራቶ የገባ ሰው የሚጨብጠው ነገር ስለሌለ መውጣት ያቅተዋል፣ አዋቂም ቢሆን። ውሃ የሚሳብበት ማማና የማስተንፈሻው (ትርፍ ውሃ የሚወጣበት) አካባቢ ላዩ ጸጥ ያለ ቢሆንም ከሥር የሚጎትት ኃይል አለው። ተንሳፋፊ ምልክቶቹና አጥሮቹ የተደረጉት ለዚህ ነው።

ከግድቡ በታች ያለው የወንዝ አልጋ ደግሞ ጠጠሩ ንጹሕ፣ ውሃው ትንሽ ስለሆነ ለምሳ መቀመጫ ያምራል። አትቀመጡበት። በሩ ሲከፈት ወይም የኃይል ማመንጫው ሥራ ሲጀምር ሰማዩ ጠራ ብሎ እያለ ውሃው በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞላ ይችላል። የማስጠንቀቂያ ጩኸት ከተሰማ ዕቃ ሳትሰበስቡ ወደ ከፍታው ውጡ።

ልጅና ውሃ

ልጅ ሲሰጥም አይጮኽም፤ አፉ ከውሃው በላይ የሚቆየው ለመተንፈስ ብቻ ነው፣ እጁንም ለማውለብለብ አያነሳውም። “ቢወድቅ እንሰማለን” የሚለው ሐሳብ ብዙ ልጅ የቀጠፈ ስሕተት ነው። ስለዚህ ጠባቂው ጆሮ ሳይሆን ዓይንና እጅ ነው።

በጠባብ መንገድ ላይ አዋቂው በውሃው ወገን፣ ልጁ በመሬቱ ወገን ይሂድ። ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ ውሃ ዳር በቆመ ቁጥር ክንድ ሲዘረጋ የሚያዝበት ርቀት ላይ ይሁን። ለምሳ ስትቀመጡ ከውሃው ቢያንስ 30 ሜትር ራቁ፤ አደጋው የሚመጣው ሁሉም ምግብ ሲያወጣና ሌላው እያየልኝ ነው ሲል ነው። ጥበቃውን በቃል ተረካከቡ፦ “አሁን አንቺ ያዢያቸው”፣ “እሺ፣ እኔ ይዣለሁ”። መልስ ያልተሰጠበት ርክክብ እንዳልተደረገ ይቆጠር።

የልብሱ ቀለም ደማቅ ብርቱካን፣ ቢጫ ወይም ቀይ ይሁን፤ ሰማያዊ፣ ነጭና ግራጫ ውሃ ውስጥ አይታዩም። በትንሹ የሚዋኝ ልጅ ከማይዋኘው ያነሰ አደጋ አለበት ብላችሁ አትዘናጉ፤ ደፋር ስለሆነ ቀድሞ የሚገባው እሱ ነው።

ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሆነ ውሃ ውስጥ ድንገት የገባ ሰው ሳይፈልግ በኃይል ወደ ውስጥ ይተነፍሳል፤ ውሃ የሚገባውም ያኔ ነው። ጥልቅ የግድብ ውሃ ላዩ ሞቅ ቢልም ከሥሩ በጣም ሊቀዘቅዝ ይችላል። ልጆችን አስቀድማችሁ አስተምሩ፦ ከወደቁ በጀርባ መንሳፈፍ፣ ትንፋሽ እስኪረጋ መጠበቅ፣ ከዚያ መጣራት። የወደቀን ሰው ለማውጣት ዘላችሁ አትግቡ። በደረታችሁ ተኝታችሁ እንጨት፣ ቀበቶ ወይም ልብስ አቀብሉ፤ ካልደረሰ ባዶ የውሃ ጠርሙስ፣ ኳስ፣ የሚንሳፈፍ ማንኛውንም ነገር ወርውሩ። ስለዚህ 15 ሜትር ቀጭን ገመድ ቦርሳ ውስጥ መኖሩ ከብዙ ዕቃ ይበልጣል።

ከውሃ የወጣ ልጅ የማይተነፍስ ከሆነ በመጀመሪያ 5 ጊዜ ትንፋሽ ይሰጠዋል፣ ከዚያ 30 ጊዜ ደረቱን መጫንና 2 ትንፋሽ እየተፈራረቁ ይቀጥላሉ። በመስጠም አደጋ ትንፋሽ መስጠቱ የሚቀድመው የተቋረጠው ኦክስጅን ስለሆነ ነው። ነቅቶ ቢነሳም፣ ደህና ነኝ ቢልም ሐኪም ሳያየው ቤት አይገባም።

ውሃው ራሱ ሲመርዝ

ላዩ ላይ አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰ የሚመስል ወይም አረፋ የሚሠራ ውሃ ካያችሁ ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ ሊሆን ይችላል። ነፋስ ወደሚገፋው ዳርቻ ይከማቻል፤ ስለዚህ በአንደኛው ወገን ንጹሕ የሆነው ሐይቅ በሌላው ወገን መርዛማ ሊሆን ይችላል። ማፍላትም ክሎሪንም መርዙን አያጠፋውም። ልጅ አይንካው፤ ውሻ ይዛችሁ ከሆነ ደግሞ በገመድ ያዙት፣ ጠጥቶ ወይም ጸጉሩን ልሶ ሊሞት ይችላል።

በሞቃት አገሮች ሌላው ስጋት ቢልሃርዝያ ነው። ተህዋሲው ሣር ባለበት ረጋ ያለ ውሃ ውስጥ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ አድጎ ወደ ውሃው ይወጣል፣ ቆዳን በስቶ ይገባል። መዋኘት አያስፈልግም፤ እግር ነክሮ መቆየት ይበቃል። በፎጣ ቶሎ ማድረቅ ትንሽ ቢረዳ እንጂ መተማመኛ አይደለም። በሽታው ባለበት አካባቢ ሕጉ አለመግባት ነው።

የሐይቁን ውሃ ለመጠጥ አትቁጠሩበት። ግድ ከሆነና አልጌ ከሌለበት ጥርት ካለው ቦታ ተቀድቶ፣ ተጣርቶ፣ ከፈላ በኋላ 1 ደቂቃ ይንተክተክ፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር ከፍ ባለ ቦታ ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ስለሚፈላ 3 ደቂቃ ይቆይ።

ብዙ የግድብ ሐይቅ የመጠጥ ውሃ ምንጭ ነው፤ ስለዚህ መጸዳዳት ካስፈለገ ከውሃና ከጅረት ቢያንስ 60 ሜትር ርቃችሁ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩ፣ መልሳችሁም ድፈኑ። ዳይፐርና ሶፍት አይቀበርም፤ በሁለት ፕላስቲክ ከረጢት ተጠቅልሎ ይመለሳል።

ጅረት መሻገር

ዙሩን የሚያከሽፈው በአብዛኛው ወንዙ የሚገባበት ጫፍ ነው። በካርታው ላይ ድልድይ ከሌለ መሻገሪያ እንደሌለ ቁጠሩ። የሚፈስ ውሃ ከትንሹ ልጅ ጉልበት በላይ ከሆነ ልጁ በእግሩ አይሻገርም፤ ከአዋቂ ጉልበት በላይ ከሆነ ማንም አይሻገርም። ውሃው ከደፈረሰ፣ ቅጠልና እንጨት ይዞ ከመጣ ከላይ ዘንቧል፣ ገና ይሞላልም። ስትሻገሩ የቦርሳውን የወገብና የደረት ማሰሪያ ፍቱ፤ ከወደቃችሁ መጣል የምትችሉት እንዲሆን። ጫማ አታውልቁ፤ ባዶ እግር ድንጋይ ላይ ይንሸራተታል። ልጁ ከሚወድቅ ጫማው ቢረጥብ ይሻላል።

ቦርሳ ውስጥ ምን ይግባ?

ውሃ ለአዋቂ በሰዓት ግማሽ ሊትር፣ ለልጅ ሩብ ሊትር ያህል፤ ሲሞቅ ከዚያ በላይ። ለስድስት ሰዓት ሁለት አዋቂና ሁለት ልጅ 9 ሊትር ይጠጣሉ፣ ማለትም 9 ኪሎ። ይህ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ክብደት ነው፤ ለመንገዱ ርዝመት ልጓም የሚሆነውም እሱ ነው። ልጁ የሚሸከመው ከሰውነቱ ክብደት 10 በመቶ አይብለጥ፤ 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ግማሽ ሊትር ውሃ፣ ሹራብና ፊሽካ ይበቃዋል።

ከ8 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሁሉ ሙሉ ቅያሪ ልብስ፣ ካልሲ ጭምር፣ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ውስጥ ይያዝ። ውሃ ዳር የሚሄድ ልጅ ይረጥባል፤ ጥያቄው መቼ ነው። የረጠበ ጥጥና ጂንስ ሙቀት ስለማይዙና ስለማይደርቁ ከነፋስ ጋር ሲሆኑ ያንዘፈዝፋሉ፤ ሱፍ ወይም ቶሎ የሚደርቅ ጨርቅ ይሻላል። በተጨማሪ፦

- ነፋስና ዝናብ የሚከላከል ልብስ ለእያንዳንዱ፣ ሰማዩ ቢጠራም
- የተለጣፊ ፕላስተር ጥቅል፣ የቁስል መሸፈኛ ጨርቅ (ጋዝ)፣ ወረንጦ፣ የሚለጠጥ ፋሻ፣ ልጆቹ የሚወስዱት መድኃኒት
- ፊሽካ ለእያንዳንዱ ልጅ፣ በአንገት ሳይሆን በልብሱ ወይም በቦርሳው ላይ የታሰረ
- የእጅ ባትሪ፣ ፓወር ባንክ፣ አስቀድሞ ስልክ ላይ የወረደ ካርታ (ሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ ይጠፋል)
- ገመዱ

ጫማው አዲስ አይሁን። ከትልቁ ጣት ፊት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይኑረው፤ ጠባብ ከሆነ ቁልቁለት ላይ ጥፍር ይመታል፣ ሰፊ ከሆነ ተረከዝ ይልጣል።

ሕፃን የሚታዘል ከሆነ፣ ራሱን ችሎ መቀመጥ ያልቻለ ሕፃን ብረት ባለው የጀርባ ማዘያ አይቀመጥም። የማዘያው የክብደት ገደብ ሕፃኑንም ኪሱ ውስጥ ያለውንም ዕቃ ይጨምራል። ያዘለው ሰው እያላበው ሕፃኑ ሊበርደው ይችላል፤ እየተንቀሳቀሰ ያለው አንዱ ብቻ ነውና። ማጅራቱን እየዳሰሳችሁ ፈትሹ፤ በየ45 ደቂቃውም አውርዱት፣ የተንጠለጠለ እግሩ ይደነዝዛል።

በመንገድ ላይ

ፊት የሚመራው ቀርፋፋው ልጅ ነው፤ ከኋላ የሚዘጋው አዋቂ። በተቃራኒው ሲሆን ፈጣኖቹ ቆመው ይጠብቃሉ፣ ቀርፋፋው ሲደርስ እነሱ ዐርፈው ይነሳሉ፣ እሱ ግን አንዴም ሳያርፍ ይውላል። ከ6 ዓመት በታች ካለ በየ20 እና 30 ደቂቃው፣ ከዚያ በላይ በየ45 ደቂቃው ቁሙ። ምግቡ ጥቂት ጥቂት ቶሎ ቶሎ ይሁን፤ ከባድ ምሳ ከተበላ በኋላ የሚቀጥለው ኪሎ ሜትር መከራ ነው። ከ5 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ደረቅ ለውዝና ጠንካራ ከረሜላ እየሄደ አይሰጥም፣ ያንቀዋል።

የሚያተጋው ነገር ቅርብ ይሁን። “ግድቡ ጋ እስክንደርስ” ማለት አይሠራም፤ ግድቡ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ይታያል፣ አይቀርብምም። “እዚያ ዛፍ ሥር” ይባላል። ጠጠር መወርወር ለልጅ ትልቅ ደስታ ነው፤ ቦታው ዝቅተኛ፣ ጠጠራማና ጥልቀቱ በዓይን የሚለይ ይሁን፣ አንድ አዋቂም ከፊታቸው ይቁም።

ፀሐይን በተመለከተ፣ ብዙ ሰው የሚፈራው ከውሃው የሚመለሰውን ጨረር ነው። በእርግጥ ውሃ ከሚመታው አልትራቫዮሌት ጨረር የሚመልሰው ከ10 በመቶ በታች ነው፤ የሐይቅ ዳር የሚያቃጥለው ጥላ ስለሌለውና ነፋሱ ሙቀቱን ስለሚደብቅ ነው። ከፍታም አለ፤ በየ1000 ሜትሩ ጨረሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። መከላከያው የመከላከል ቁጥሩ (SPF) 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ ክሬም በየ2 ሰዓቱ፣ ክንፈ ሰፊ ባርኔጣና ረጅም እጅጌ ነው። ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን በክሬም ሳይሆን በጥላ ይጠበቃል።

መብረቅ ከታየ ቁጠሩ። ድምፁ በ30 ሴኮንድ ውስጥ ከደረሰ (በየ3 ሴኮንዱ 1 ኪሎ ሜትር ነው) አደጋው ደርሷችኋል። ከግድቡ አናት፣ ከውሃው ዳርና ከብቸኛ ዛፍ ራቁ፤ ቤት ወይም መኪና ካለ ግቡ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትውጡ።

ነገር ሲበላሽ

ልጅ ከጠፋ መጀመሪያ የሚፈለገው ውሃው ነው። ብዙ ሰው ስሙን እየጠራ ወደ ጫካው ይሮጣል፤ ጫካ ውስጥ ያለ ልጅ ግን ግማሽ ሰዓት ይጠብቃል፣ ውሃ ውስጥ ያለው ደቂቃዎች አሉት። አንዱ አዋቂ ዳርቻውን ይቃኝ፣ ሌላው ወደመጣችሁበት ይመለስ፣ ሦስተኛ ካለ ከቀሩት ልጆች ጋር ቦታውን ሳይለቅ ይጠብቅ። ለልጆቹ አስቀድሞ የሚነገራቸው፦ የጠፋ ሰው ከውሃ ርቆ አንድ ዛፍ ሥር ይቆማል፣ ፊሽካውን ሦስት ሦስት ጊዜ ይነፋል።

የረጠበና የሚንቀጠቀጥ ልጅ መጀመሪያ ከነፋስ ይጋረድ፣ እርጥቡ ልብስ ይውለቅ፣ ደረቁ ይልበስ፣ ከዚያ ጣፋጭ ነገር ይብላ። በእርጥቡ ላይ ጃኬት መደረብ አይጠቅምም። መንቀጥቀጡን ትቶ ዝም ካለ፣ ከተደነቃቀፈ ወይም ከፈዘዘ ጉዞው አብቅቷል፤ እርዳታ ጥሩ። ሙቀት ያጠቃው ልጅም ምልክቱ ተመሳሳይ ነው፦ ዝምታ፣ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ። እሱን ጥላ ውስጥ አስተኝታችሁ ልብሱን አላሉት፣ አርጥባችሁ አራግቡለት፣ ውሃ በትንሽ በትንሹ አጠጡት።

እግር ውሃ ከመቋጠሩ በፊት ያቃጥላል። ልጁ “ጫማዬ ያመኛል” ባለበት ደቂቃ ቁሙ፣ ካልሲውን አውልቁ፣ አሸዋውን አራግፉ፣ በቀላው ቦታ ላይ ፕላስተር ለጥፉ። አሥር ደቂቃ ቆይቶ ማየት ማለት የቀረውን መንገድ ማዘል ማለት ነው። የቋጠረውን አታፍርጡ፤ ዙሪያውን በፕላስተር ከፍ አድርጋችሁ ከጫማው አርቁት።

ቤት እንደተገባ የልጆቹን ብብት፣ ጉያ፣ የጉልበት ጀርባና የጆሮ ሥር ለመዥገር ፈትሹ። የተጣበቀ ካለ በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዛችሁ ሳትጠመዝዙ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት፤ ዘይት መቀባትም በእሳት መለብለብም መርዙን የበለጠ እንዲተፋ ያደርገዋል። በቀጣዮቹ ሳምንታትና ወራት ትኩሳት፣ ሽፍታ ወይም ደም ያለበት ሽንት ከታየ ለሐኪሙ የትኛው ውሃ ዳር እንደነበራችሁና መቼ እንደሆነ ንገሩት፤ ሳትነግሩት ቢልሃርዝያን ወይም መዥገር ያመጣውን በሽታ ለመጠርጠር ምክንያት አይኖረውም።